የሸክላ ማጫወቻ ማስቀመጫ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

መርፌው ከሸክላው መስመር የሚያነበው እንቅስቃሴ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ያነሰ ነው። ከወለል ወይም ከአየር የመጣውን ንዝረት ከሙዚቃው አይለይም፤ ሁሉንም አጉልቶ ያሰማል። በ1960ዎቹ በአምሃ ሪከርድስ ወይም በካይፋ ሪከርድስ የታተመ ባለ 45 ዙር ሸክላ ካለዎት ደግሞ መርፌው በዘለለ ቁጥር የሚጫረው ምትክ የማይገኝለት ነገር ነው።

ንዝረቱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ መጀመር

ሞተሩን ሳያስነሱ መርፌውን በቆመ ሸክላ ላይ ያሳርፉና ድምፁን ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ከዚያ አንድ ሰው በአጠገቡ ይራመድ። በእርምጃው ልክ ድው ድው ካለ ችግሩ ወለሉ ነው። ማንም ሳይነካው፣ ድምፅ በጨመሩ ቁጥር እያጉረመረመ ከሄደ ግን መርፌውን የሚያንቀጠቅጠው ራሱ ስፒከሩ ነው፤ ቶሎ ይቀንሱት። የሁለቱ መፍትሔ ለየቅል ነው።

ስፒከርና ማጫወቻን አንድ ቡፌ ላይ መደርደር

በየሳሎኑ የሚታየው ይህ ነው። ባሱ ሲመታ ቡፌው ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች ከተንጫጩ መርፌውም ያንኑ እየሰማ ነው። ስፒከሩን አውርደው ለብቻው ያቁሙት። ማጫወቻውንም ከክፍሉ ጥግ ያርቁት፤ ባስ የሚከማቸው እዚያ ነው።

«ለስለስ ያለ ነገር ከሥሩ ላድርግ» ማለት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሞላ የሚያግደው ከራሱ ውዝዋዜ 1.4 እጥፍ በላይ የፈጠነውን ንዝረት ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን ያሳልፈዋል፣ አንዳንዱን እንዲያውም ያጎላዋል። በማጫወቻው ክብደት 1 ሚሊ ሜትር ዝቅ የሚል ሞላ በሰከንድ 16 ጊዜ ያህል ይወዛወዛል፤ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ የሚለው 5 ጊዜ ያህል። የከፋው ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያለው ነው፤ በሰከንድ ከ8 እስከ 11 ጊዜ ስለሚወዛወዝ፣ የአብዛኞቹ የመርፌ ክንዶች ተፈጥሯዊ ውዝዋዜ ካለበት ክልል ጋር ይገጣጠማል። ሞላ ካስገቡ በደንብ ዝቅ የሚል ይምረጡ፣ በማስመሪያም ለክተው ያረጋግጡ። ስፖንጅ ተጨፍልቆ ካለቀ ደግሞ እንደሌለ ይቁጠሩት። እንደ ሊን ኤልፒ12 የራሱ ሞላ በውስጡ ላለው ማጫወቻ ሌላ ሞላ አይጨምሩለት፤ ቀላልና የማይወላገድ ጠረጴዛ ይስማማዋል።

ክብደት ሁሉንም ይፈታል ብሎ ማመን

በኮንዶሚኒየም የኮንክሪት ወለል ላይ ከባድ ማስቀመጫ በእርግጥ ያዋጣል። ከላይ የእብነ በረድ ቁራጭ ያንጥፉ፣ ከታች ሸክላዎቹን ይደርድሩ፤ 100 ትልልቅ ሸክላ ከነሽፋኑ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። የጣውላ ወለል ባለው በድሮ ቪላ ወይም አሜሪካ ባለ የእንጨት ቤት ግን ያ ሁሉ ክብደት ከወለሉ ጋር አብሮ ይነጥራል። እዚያ የሚሻለው ግድግዳ ላይ የሚታሰር መደርደሪያ ነው። ግድግዳው ጂፕሰም ቦርድ ከሆነ ብሎኑ ከቦርዱ ኋላ ያለውን ቋሚ እንጨት ይያዝ።

ጀርባውን ክፍት መተው

አራት እግርና መደርደሪያ ብቻ ያለው ነገር ወደ ጎን ይወዛወዛል። ኮምፔንሳቶ በኮላና በብሎን ጀርባው ላይ ያስመቱ፤ ልዩነቱን ገፋ አድርገው ይሞክሩት።

ውሃ ልክን ጠረጴዛው ላይ ብቻ ማስቀመጥ

መስተካከል ያለበት ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ነው። በቁመትም በአግድምም ይለኩ፣ ማስተካከያ ባላቸው እግሮች ያስተካክሉ፤ ሸክላዎቹ ከተደረደሩ በኋላም ደግመው ይለኩ።