ሮክ ኤንድ ሮልን ከጥቁሮቹ ጀምራችሁ ስሙት
ነጩን የሮክ ኤንድ ሮል ኮከብ ኤልቪስ ፕሪስሊን ከመክፈታችሁ በፊት ዩቲዩብ ላይ ጥቁሯን የብሉዝ ዘፋኝ ቢግ ማማ ቶርንተንን ፈልጉና «ሃውንድ ዶግ»ን ስሙላት፣ እሷ የቀዳችው በ1952 እ.ኤ.አ ነው የሱ የመጣው ደሞ በ1956። በኢርፎን ይሁን፣ ድምጿ ሲሻክርና ጊታሩ መሃል ላይ ሲገባ እየጮኸች ስታሟሙቀው ጥርት ብሎ ይሰማችኋል፣ እኔ እዛች ጋ ሁሌ መልሼ ነው የምሰማው። ከዛ የኤልቪስን ክፈቱና ግጥሙን አስተያዩት፣ የሷ ከቤቷ የምታባርረው ወንድ ነው፣ የሱ ግን እውነትም ውሻ ሆኗል። ዘፈኑን የጻፉት ሁለት ነጭ ወጣቶች ስለሆኑ ዝም ብሎ ኤልቪስ ከጥቁሮች ሰረቀው ማለት አይበቃም፣ ግን ቢልቦርድ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ መጽሔት እስከ 1949 ድረስ የጥቁሮችን ሙዚቃ «የዘር ሪከርድ» ብሎ ለብቻው ነበር የሚያስቀምጠው፣ ቶርንተንም ከዘፈኑ ያገኘሁት 500 ዶላር ብቻ ነው ብላለች፣ ይሄ በጣም ያንገበግበኛል። ቀጥሎ ጥቁሯን የጎስፔል ዘፋኝና ጊታሪስት ሲስተር ሮዜታ ታርፕን ክፈቱ፣ ጊታሯን እያያችሁ።