ያላስረከቡት አባላት የት ገቡ?

ኅዳር ላይ ጅማ ለአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር በኤስኪውኤል (ከዳታቤዝ መረጃ በሚጠየቅበት ቋንቋ) ሪፖርት አወጣሁ። ሥራ አስኪያጁ የፈለጉት የሁሉንም አባላት ስም ነው፤ ከጎኑ በኅዳር ያስረከቡት እሸት ቡና በኪሎ። ያላስረከበው ባዶ ሆኖ ይታይ። መዝገቡ ላይ 412 አባል አለ። የኔ ወረቀት ላይ 287።

«እኔ እኮ የፈለግኩት ያላመጡትን ነው፤ የታሉ?» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

የአባላትን ቴብል (ሰንጠረዥ) በግራ አድርጌ ከርክክቡ ቴብል ጋር በሌፍት ጆይን አገናኝቻለሁ። ጥፋቴ ወሩን ዌር (ረድፎችን የሚያጣራው ክፍል) ውስጥ መጻፌ ነው። ሌፍት ጆይን ያላስረከበውንም ሰው ያመጣል፤ የርክክብ ዓምዶቹን ግን ነል (ምንም ዋጋ የሌላቸው) ያደርጋቸዋል። ከዚያ ዌር ይጠይቃል፦ ነል ከኅዳር ጋር እኩል ነው? መልሱ «አዎ»ም «አይ»ም አይደለም፤ «አይታወቅም» ነው። ዌር «አዎ» ያልተባለለትን ሁሉ ይጥላል።

መጀመሪያ ዌር ላይ «ወይም ወሩ ነል ከሆነ» ብዬ ለጠፍኩበት። 371 መጣ። ተመስገን ልል ስል አንድ የማና ወረዳ ገበሬ የለም። ለካ ሰውዬው በጥቅምት አስረክቦ በኅዳር ድርሽ አላለም። ረድፉ ላይ ጥቅምት ስላለ ነል አይደለም፣ ኅዳርም አይደለም። እንደሱ ያሉ 41 ሰዎች ነበሩ። ይህን ልጥፍ አትመኑት።

ወሩ መግባት ያለበት ኦን (ሁለቱ ቴብሎች የሚገናኙበት ሁኔታ) ውስጥ ነው፦

ፍሮም አባላት
ሌፍት ጆይን ርክክብ
ኦን ርክክብ.አባል = አባላት.ቁጥር
ኤንድ ርክክብ.ወር = 'ኅዳር'

በግራ ያለውን ቴብል የሚመለከት ማጣሪያ ግን ዌር ላይ ይቆይ። «ወረዳ = ማና» የሚለውን ኦን ውስጥ ብትከቱት የጎማና የሰቃ አባላትም ኪሏቸው ባዶ ሆኖ ይግተለተላሉ።

ያላስረከቡትን ብቻ ከፈለጋችሁ፣ ወሩን ኦን ላይ ትታችሁ «ዌር ርክክብ.ቁጥር ኢዝ ነል» ጨምሩ። «= ነል» አይሠራም። ኪሎንም አትጠይቁ፤ መዛኙ ሳይሞላው የዘለለው ረድፍ ካለ ያስረከበው ሰው ካላስረከቡት ጋር ይቀላቀላል። የርክክቡ መለያ ቁጥር (ርክክብ.ቁጥር) ግን ያስረከበ ሰው ረድፍ ላይ ባዶ አይሆንም።

ስንቴ እንዳስረከቡ በግሩፕ ባይ (ረድፎቹን በየአባሉ እየመደባችሁ) ስትቆጥሩ ደግሞ ካውንት (መቁጠሪያው) ውስጥ ኮከብ (*) አታስገቡ። ምንም ያላመጣው ሰው 1 ጊዜ አስረክቧል ይላችኋል። ርክክብ.ቁጥርን ቁጠሩ፤ 0 ይመጣል። እኔ አሁን ወረቀት ይዤ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ከመግባቴ በፊት የስሞቹን ብዛት ከ412 ጋር አስተያያለሁ።