ኦጌም ላይ የትኛዋ መርከብ ለምን ትሆናለች?

ኦጌም በኢንተርኔት የሚጫወቱት የጠፈር ጦርነት ጨዋታ ነው፤ የጀመረ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ባትልሺፕ መቼ ነው የምሠራው?» ብሎ ነው። ተረጋጉ። እዚህ ጨዋታ ላይ ሀብታም የሚያደርጓችሁ ተኳሾቹ ሳይሆኑ ተሸካሚዎቹ ናቸው።

ስለዚህ ከካርጎ፣ ከጭነት መርከቦቹ እንጀምር። ስሞል ካርጎ (ትንሿ) 5,000 ሀብት ትጭናለች፣ ላርጅ ካርጎ (ትልቋ) 25,000። ዋጋቸው የጨዋታው ሀብት በሆኑት በሜታልና በክሪስታል ተደምሮ ትንሿ 4,000፣ ትልቋ 12,000 ነው፤ በሦስት እጥፍ ዋጋ አምስት እጥፍ ጭነት ታገኛላችሁ ማለት ነው። ታዲያ ትንሿን ማን ይሠራታል? ጀማሪ ይሠራታል፣ ምክንያቱም ቀድማ የምትከፈተው እሷ ናት፣ በዚያ ላይ ኢምፐልስ ድራይቭ የሚባለውን የሞተር ምርምር ደረጃ 5 ስታደርሱት ሞተሯ ይቀየርና ትልቋን ጥላት ትበራለች። በተለመደው ወረራ ከምትወሩት ተጫዋች ሀብት መውሰድ የሚቻለው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ግማሹን አስሉና በልኩ ላኩ። አሥር በሚበቃበት ቦታ ሃምሳ መላክ ነዳጁን፣ ዲውትሪየምን፣ በከንቱ ማቃጠል ነው።

ሰውዬው ምን ያህል እንዳለው የምትነግራችሁ ሰላይዋ መርከብ ፕሮብ ናት። አንዷ 1,000 ክሪስታል፣ በጣም ፈጣን፣ ብትመታም አታንገበግብም። ሳይሰልሉ መዝመት አይሞከርም።

አሁን ወደ ተዋጊዎቹ። ላይት ፋይተር ብቻዋን ምንም አይደለችም፤ ሥራዋ ብዙ ሆና ጥይት መቀበል ነው። እያንዳንዱ ምት የሚያርፍበት መርከብ የሚለየው በዕጣ ስለሆነ፣ ሃምሳ ባትልሺፕ አንድ ሺህ ላይት ፋይተር ካጀበው አብዛኛው ምት የሚያልቀው አጃቢዎቹ ላይ ነው። ጭካኔ ይመስላል ግን ሒሳቡ እንደዚያ ነው። ይህን አጥር የሚያፈርሰው ክሩዘር ነው። ራፒድ ፋየር የሚባል ነገር አለ፤ ክሩዘር በላይት ፋይተር ላይ 6 አለው፣ አንዷን በመታ ቁጥር ከስድስት አምስት እጅ እንደገና የመተኮስ ዕድል አለው ማለት ነው። ባትልክሩዘር ደግሞ በባትልሺፕ ላይ 7፣ በክሩዘር ላይ 4 አለው። እሱንም ዲስትሮየር ይበላዋል። የማይበላ የለም፤ አንድ ዓይነት ብቻ እያመረተ የሚከምር ሰው ለሚያውቅበት ተጋጣሚ የተዘጋጀ ምሳ ነው።

ቦምበር ለመከላከያ መሣሪያ ብቻ ነው፣ ሮኬት ላንቸርና ላይት ሌዘር ላይ 20 አለው። የሚመታው መሣሪያ ከሌለ አትሥሩት። ግዙፉ መርከብ ዴዝስታርስ? 5 ሚሊዮን ሜታል፣ 4 ሚሊዮን ክሪስታል፣ 1 ሚሊዮን ዲውትሪየም ይበላል፣ ሲሄድ ደግሞ ያንቀላፋል። እርሱት፣ ገና ነው።

ብዙ ሰው የሚንቃት ሪሳይክለርን ነው፣ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጣታለሁ። ከውጊያ በኋላ ከወደሙት መርከቦች ሜታልና ክሪስታል በአብዛኛው 30 በመቶው ፍርስራሽ ሆኖ እዚያው ይቀራል፣ ለቃሚዋም እሷ ናት፤ አንዷ 20,000 ትይዛለች። ቀርፋፋ ስለሆነች ግን ከተዋጊዎቹ ቀድማችሁ አስነሷት፣ ውጊያው ባለቀ በሰከንዶች ውስጥ እንድትደርስ። ከዘገየች ሌላው ይለቅመዋል።

አንድ ነገር ደግሞ። ከመተኛታችሁ በፊት መርከቦቹ ሀብታችሁን ጭነው ተልዕኮ ላይ ይውጡ፣ የሚመለሱበትን ሰዓት እናንተ የምትነቁበት ላይ አድርጉት። እኔ አንድ ማታ ሰንፌ 200 ክሩዘር ፕላኔቴ ላይ አቁሜ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ፍርስራሹ እንኳ ተለቅሞ ነበር።