ስቴላሪስን ለጀማሪ፦ ከስክሪኑ ላይ ምን ይታያል፣ ምን ይተዋል

ስቴላሪስ የሚባለውን የኅዋ ስትራቴጂ የኮምፒውተር ጌም ገና የከፈተ ሰው ፊት የሚመጣው ስክሪን የባሕር ዳርን ቅዳሜ ገበያ ይመስላል፤ ሁሉም በአንዴ ይጣራል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ይህ ጌም የአማርኛ ምርጫ የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት ስሞች በጌሙ ውስጥ እንደሚነበቡት ተጽፈዋል። ብዙው ጀማሪ የሚሰናከለው ቁልፉን ሁሉ ካልለየሁ አልነካም ሲል ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሃያ የጌም ዓመታት ከላይ ያለው የሀብት መስመር፣ በቀኝ በኩል ያለው የመርከቦችና የፕላኔቶች ዝርዝር፣ ስፔስ ባር፣ እነዚህ ይበቃሉ።

ጨዋታ ስትከፍቱ ተዘጋጅቶ የተቀመጠውን ዩናይትድ ኔሽንስ ኦፍ ኧርዝ ምረጡ፤ የራሳችሁን መንግሥት መሥራት ይቆያችሁ። የጋላክሲው መጠን 200 ኮከብ ያለው ታይኒ ይሁን፣ የተቃዋሚ መንግሥታትንም ቁጥር ቀንሱ። ዓመታቱ ሲገፉና ሕዝቡ ሲበዛ ደካማ ላፕቶፕ ማዝገሙ አይቀርም፤ ትልቅ ጋላክሲ ደግሞ ያብሰዋል። አይረንማን የሚለውን አትንኩ፤ ከበራ ራሳችሁ ሴቭ ማድረግ አትችሉም፣ ወደ ኋላም መመለስ የለም። መብራት በየሰዓቱ በሚሄድበት ከተማ በዴስክቶፕ የሚጫወት ሰው ከሴቲንግ ገብቶ የኦቶሴቩን (ጌሙ በራሱ ሴቭ የሚያደርግበትን) ጊዜ ያሳጥር።

ጌሙ የሚጀምረው በ2200 ጃንዋሪ 1 ነው፣ ቆሞ። ስፔስ ባር ያስኬደዋል፣ ያቆመዋል። ቆሞ ሳለ ትእዛዝ ሁሉ ይሰጣል፣ ይህን ያላወቀ ከሰዓት ጋር ሲሯሯጥ ይውላል። ወሩ ሁሉ 30 ቀን ነው፣ ዓመቱ 360። የኛን አቆጣጠር ያለ ጳጉሜ አስቡት። ገቢና ወጪው የሚታሰበው ወር ሲገባ ስለሆነ በየወሩ መግቢያ ቆም አድርጎ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ከላይ ያለው መስመር ላይ ለእያንዳንዱ ሀብት ሁለት ቁጥር አለ፤ አንዱ በጎተራ ያለው፣ ሌላው በወር የሚጨመረው ወይም የሚቀነሰው። ቀይ ስታዩ አትደንግጡ፣ በጎተራ ያለውን በወር ለሚቀነሰው አካፍሉ። ኢነርጂ 412 ሆኖ በወር 6 ቢቀንስ ለ68 ወር ይበቃል፤ አምስት ዓመት ከመንፈቅ ያልፋል ማለት ነው። 40 ሆኖ 6 ቢቀንስ ግን ሰባት ወር አይሞላም፤ ሲያልቅ ጌሙ በመላ ግዛቱ ላይ ቅጣት ይጥላል። ቁጥሩ ላይ ማውሱን አሳርፉ፤ የትኛው መርከብ፣ የትኛው ሕንፃ እንደበላው አንድ በአንድ ተዘርዝሮ ይመጣል። ኢነርጂ ያለበት ፕላኔት ወይም ኮከብ በግዛታችሁ ውስጥ ካለ በኮንስትራክሽን መርከብ ማይኒንግ ስቴሽን (ሀብቱን የሚያወጣ ጣቢያ) ይሠራበታል፤ ዋጋው 100 ሚኒራል ነው።

በቀኝ ያለው ዝርዝር አውትላይነር ይባላል። መርከብን ካርታው ላይ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ከዚህ ስሙን ጫኑት። ሳይንስ መርከቧን እንዲህ አሠማሯት፦ ኤም ቁልፍን ተጭናችሁ ወደ ጋላክሲው ካርታ ውጡ፣ ከአውትላይነሩ መርከቧን ምረጡ፣ ከታች በሚከፈተው ሰሌዳ ላይ ሰርቬይ (ቅኝት) የሚለውን ጫኑ፣ ከዚያ ቅርብ ያለውን ኮከብ። ሽፍትን እንደያዛችሁ ቀጣዮቹን አራት አምስት ኮከቦች ንኩ፤ ተራ በተራ ታዳርሳቸዋለች። ሽፍት ካልተያዘ አዲሱ ትእዛዝ የቀድሞውን ይሰርዘዋል። መርከቧ ግማሽ መንገድ ላይ ስትዞር ያየ ጀማሪ ጌሙ ተበላሸ ይላል፤ ያጠፋው ግን ጣቱ ነው። ሳይንቲስት እንደተመደበላትም አረጋግጡ።

ግዛት ለማስፋት ኮንስትራክሽን መርከቧ ስታርቤዝ፣ ማለትም ኮከቡን የእናንተ የሚያደርግ ጣቢያ፣ ትሠራለች። መነሻ ዋጋው 100 አሎይ (ቅይጥ ብረት) እና 75 ኢንፍሉዌንስ (የመንግሥቱ ተሰሚነት) ነው፤ ከድንበር በራቀ ቁጥር ኢንፍሉዌንሱ ይንራል። አሎይ ይገኛል፤ ኢንፍሉዌንስ ግን ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚመጣው። በወር 3 ብታገኙ 75 ለማጠራቀም 25 ወር ይፈጃል። ስለዚህ የትም ኮከብ ላይ አይረጭም። ካርታው ላይ ኮከቦቹን የሚያያይዙት መስመሮች መንገዶቹ ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መርከብ ከነሱ ወጥቶ አይሄድም። ከአዲስ አበባ ዓባይ በረሃን ተሻግሮ ጎጃም ለገባ ሰው መንገዱ ከደጀን ወዲያ ይከፈላል፤ አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ አንዱ በቢቸናና በሞጣ፣ ሁለቱም ባሕር ዳር ይገናኛሉ። ደብረ ማርቆስን ብቻ የያዘ የሞጣውን መንገድ ክፍት ይተዋል፤ ደጀንን የያዘ ሁለቱንም ይዟል። ካርታው ላይም መጀመሪያ ደጀናችሁን ፈልጉ፤ በሱ የተከለለውን ቀስ ብላችሁ ትሞሉታላችሁ፣ የሚቀድማችሁ የለም።

ስታርቤዝ የሚሠራው ቁልፍ ግራጫ ሆኖ እንቢ ካለ ደጋግሞ መጫን ዋጋ የለውም። ማውሱን ላዩ ላይ አቁሙና ቀዩን መስመር አንብቡ፣ ምክንያቱ እዚያ ተጽፏል፦ ቦታው ገና ሰርቬይ አልተደረገም፣ ኢንፍሉዌንስ አልሞላም፣ ወይም ጠላት እዚያው አለ። ይህ ለግራጫ ቁልፍ ሁሉ ይሠራል። በመግለጫው ውስጥ ቀለማቸው የተለየ ቃላት ካሉ ራሳቸውን የቻለ መግለጫ አላቸው፤ ሳጥኑ እስኪቆለፍ ማውሱን ሳታንቀሳቅሱ ጠብቁና ወደ ቃሉ ግቡ። በላፕቶፕ መዳሰሻ ይህ ያታክታል፤ ጎማ ያለው ርካሽ ማውስ ይሻላል። 1366 በ768 በሆነ ስክሪን ላይ ደግሞ የጽሑፉን መጠን ከፍ ማድረግ መስኮቶቹን እርስ በርስ ያጋጫል፤ እንደነበረ ይቆይ።

ከሀብቱ መስመር ሥር የሚደረደሩት ትንንሽ ምልክቶች ማሳሰቢያዎች ናቸው። በግራ ክሊክ ወደ ጉዳዩ ያደርሳሉ፣ በቀኝ ክሊክ ይሰናበታሉ። ምርምር ቆሟል የሚለውን ግን አታሰናብቱት፤ ፊዚክስ፣ ሶሳይቲና ኢንጂነሪንግ ሦስቱም ሥራ ሊኖራቸው ይገባል። ምርጫው ካምታታችሁ ርካሹን ውሰዱ።

የመርከብ ዲዛይን ክፍሉን ለጊዜው እርሱት፤ ጌሙ በራሱ እንዲያዘጋጅ የሚያደርገው ሳጥን ምልክት ካለበት ይበቃል።

የፕላኔቱ ገጽ ለብቻው ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የጌሙ 4.0 ቨርዥን የፕላኔቱን አሠራር ከሥሩ ስለለወጠው በፊት የተቀረጹ ቪዲዮዎች የሚያሳዩት ቁልፍ እናንተ ጋ ላይኖር ይችላል። ቪዲዮ ከማውረዳችሁ በፊት የቨርዥኑን ቁጥር በመክፈቻው ገጽ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ፤ ዳታችሁ በከንቱ አይለቅ። የድሮውን ቨርዥን የፈለገ ጌሙ በሚገዛበትና በሚከፈትበት ፕሮግራም በስቲም ላይ ጌሙን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ቤታስ ብሎ መምረጥ ይችላል። በአንዱ ቨርዥን የተሠራ ሴቭ በሌላው ሲከፈት ግን ሊበላሽ ስለሚችል የጀመራችሁትን ጨርሳችሁ ቀይሩ።