በቡና ማሳ የተገኘን ጥቁር ድንጋይ በቀደሙት መላምቶች መመርመር

በጅማ ዙሪያ ቡና ሲኮተኮት ከቀዩ አፈር ውስጥ ከባድ ጥቁር ድንጋይ ሲወጣ «መብረቅ የጣለው ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ከሰማይ የወረደ ሜትዮራይት መሆን አለመሆኑን ለመለየት የአውሮፓ ሊቃውንት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃና ከዚያ ወዲህ ያነሷቸውን መላምቶች በድንጋዩ ላይ መፈተን ይጠቅማል፤ የተሳሳቱትም ቢሆኑ ምን መታየት እንዳለበት ያመለክታሉና።

በመጀመሪያ ቅርፊቱን ይመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1768 ፈረንሳይ ውስጥ ሉሴ በተባለ ስፍራ የወደቀውን ድንጋይ የመረመሩት ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቯዚዬና ባልደረቦቹ፣ ከላይ ብቻ መቅለጡን አይተው፣ መሬት ላይ የነበረውን ድንጋይ መብረቅ መትቶት ነው ሲሉ ደመደሙ። የጅማን የክረምት ነጎድጓድ የሰማ ሰው አይስቅባቸውም፤ ያዩት ትክክል ነበር፣ የሳቱት ምክንያቱን ነው። ስለዚህ የድንጋዩ ጠርዝ ተሰብሮ ከሆነ፣ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማይወፍር ጥቁር ሽፋንና ከሥሩ ፈካ ያለ አካል ይፈልጉ።

ፈረንሳዊው የሒሳብና የሥነ ፈለክ ሊቅ ላፕላስ እ.ኤ.አ. በ1802 ድንጋዮቹ ከጨረቃ እሳተ ገሞራ ሊወረወሩ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የጅማ ዐለት ራሱ የጥንት እሳተ ገሞራ ውጤት በመሆኑ ጥቁሩ ድንጋያችን ብዙ ጊዜ ጋዝ ያመለጠበት ቀዳዳ አለው፤ በሜትዮራይት ላይ ግን ይህ እጅግ ብርቅ ነው።

ማግኔት ብቻውን ያታልላል፤ ከእሳተ ገሞራ የሚወጣው ጥቁር ድንጋይ ባዛልትም ሊሳብ ይችላልና። ይልቅ የቡና ስኒ ገልብጠው፣ የሚያብረቀርቀው ቅብ ባልነካው የግርጌው ሻካራ ቀለበት ላይ ድንጋዩን ጫን አድርገው ይፈግፍጉት (ስኒው ለእንግዳ የሚቀርበው ባይሆን ይመረጣል)። ቀላ ያለ መስመር ሄማታይት፣ ጥቁር መስመር ማግኔታይት የተባለውን የምድር የብረት ማዕድን ያመለክታል፤ አየር ንብረት ያልበላው ሜትዮራይት ግን ይህ ነው የሚባል መስመር አይተውም።

ይህን ሁሉ ካለፈ የኒኬል ምርመራ ይጠይቁ። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1794 ድንጋዮቹ ከጠፈር ይመጣሉ ሲል ብዙዎች አልተቀበሉትም፤ በ1802 እንግሊዛዊው ኬሚስት ሃዋርድ በተለያዩ አገሮች በወደቁ ድንጋዮች ብረት ውስጥ ኒኬል ሲያገኝ ግን ሙግቱ መልኩን ለወጠ።

ድንጋዩ የተገኘበትን ቦታም ይመዝግቡ። እ.ኤ.አ. በ1803 ፈረንሳይ ውስጥ ሌግል በተባለ ስፍራ ላይ ወደ 3,000 የሚጠጉ ድንጋዮች ሲዘንቡ፣ ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ቢዮ ጥርጣሬውን የሰበረው በየመንደሩ ምስክር ጠይቆና ድንጋዮቹ የወደቁበትን ስፍራ በካርታ አስፍሮ ነው። ስለዚህ ማሳውን የኮተኮተውን ሰው ድንጋዩ ከየትኛው የቡና እግር ሥር፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበረ በዚያው ዕለት ይጠይቁት።