በ«ኮ» የሚጀምሩት የአሜሪካ ቃላት

ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ። ሦስቱም የደረሳቸውን ደብዳቤ ፎቶ አንስተው ልከውልኛል። «ይሄ ኮ... ኮ ምናምን የሚለው ምንድነው?» አንዱ ኮፔይ ነው፣ አንዱ ኮኢንሹራንስ፣ የአንዷ ደግሞ ኮሌክሽን። አሁንስ ሰለቸኝ። አንዴ ልጻፈውና የሚደውልልኝን ሁሉ «እሱን አንብብ» ልበል።

«ኮ» ከላቲን የመጣ ነው፤ «አብሮ» እንደ ማለት ነው። ለኛ ደስ የሚል ቃል ነው፤ አብሮ መብላት ለምደናል። እዚህ አገር ወረቀት ላይ «አብሮ» ከተባለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ስለ መክፈል ነው የሚወራው።

ኮፔይ ቀላሉ ነው። ሐኪም ቤት ስትሄዱ የምትከፍሉት ቁርጥ ያለ ገንዘብ ነው። 25 ዶላር ከተባለ 25 ነው። ስፔሻሊስት ጋ ከፍ ይላል፣ ድንገተኛ ክፍል ደግሞ በጣም ከፍ ይላል። ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ ካርዳችሁ ላይ ተጽፏል፤ እባካችሁ ካርዱን አገላብጣችሁ እዩት።

ኮኢንሹራንስ ግን በመቶኛ ነው የሚታሰበው። ከሱ በፊት ደግሞ ዲዳክቲብል የሚባል አለ፤ ኢንሹራንሱ ማገዝ ከመጀመሩ በፊት እናንተ የምትከፍሉት ነው። ዲዳክቲብላችሁ 2,000 ዶላር፣ ኮኢንሹራንሳችሁ 20 በመቶ ነው እንበል። በጥር የ5,000 ዶላር የሕክምና ቢል (የክፍያ ጥያቄ) መጣ። መጀመሪያ 2,000ውን ሙሉ በሙሉ እናንተ ትከፍላላችሁ። ከቀረው 3,000 ላይ 20 በመቶው፣ ማለትም 600፣ የእናንተው ነው። በድምሩ 2,600 ከኪሳችሁ ወጣ። «ኢንሹራንስ እያለኝ?» አዎ፣ እያላችሁ። በዓመት ከኪሳችሁ የሚወጣው ጣሪያ አለው፤ ፕላን ስትመርጡ እሱን ጠይቁ። ወርሃዊ ክፍያው ስለረከሰ ብቻ መርጦ ኋላ የሚያለቅሰውን ሰው ማጽናናት ደክሞኛል።

ሌላ ወረቀትም አለ። ኢንሹራንሱ ሂሳቡን ዘርዝሮ ይልክና እላዩ ላይ «ይህ ቢል አይደለም» ይላል። እሱን አትክፈሉ፤ አስቀምጡት። አንድ ጎረቤቴ ይህን ከሰማ በኋላ የሆስፒታሉንም ደብዳቤ አብሮ ቅርጫት ውስጥ ሲጥል ከረመ። የሆስፒታሉ ግን እውነተኛ ቢል ነበር።

እንዲህ ሳይከፈል የቀረ ቢል ነው ወደ ኮሌክሽን የሚሄደው። ዕዳችሁ ለሰብሳቢ ድርጅት ተላልፏል ወይም ተሸጧል ማለት ነው። በስልክ አትደራደሩ፣ የባንክ ቁጥርም አትስጡ። ደብዳቤው በደረሳችሁ በ30 ቀን ውስጥ «ዕዳው የኔ መሆኑን አረጋግጡልኝ» ብላችሁ በጽሑፍ መልሱ። እስኪያረጋግጡ ድረስ መሰብሰቡን ማቆም አለባቸው። ሕጉ እንዲህ ነው የሚለው።

አሁን ኮሳይን፣ ማለትም በሌላ ሰው ብድር ላይ አብሮ መፈረም። እዚህ ላይ ታገሱኝ፣ እኔ ራሴ የተቃጠልኩበት ነው።

በመጣሁ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሌሊት አብሮኝ የሚሠራ ያገሬ ልጅ «ክሬዲት (የብድር ታሪክ) የለኝም፣ ፈርምልኝ» አለኝ። ሊገዛ ያሰበው ያገለገለች ኮሮላ ነው። (እሷም በ«ኮ» ትጀምራለች፤ ያኔ መንቃት ነበረብኝ።) አገር ቤት ሰው ሥራ ሲገባ ዋስ ይጠየቃል። አባቴ የደመወዝ ደብዳቤውን ይዞ ሄዶ ለስንቱ ፈርሟል፤ አንድም ቀን ማንም አልጠራውም። ይሄም እንደዚያ መሰለኝ። ሻጩ «ለወግ ያህል ነው» አለ። ከወረቀቶቹ መሃል ለኮሳይነር በሕግ የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ነበረ። ተበዳሪው ካልከፈለ አንተ ትከፍላለህ ይላል። አበዳሪው ተበዳሪውን ሳይጠይቅ ቀጥታ ወደ አንተ ሊመጣ ይችላል ይላል። ሳላነበው ፈረምኩ። እስክሪብቶውን እንኳ ያዋሰኝ ሻጩ ነው።

ልጁ ስምንት ወር ከፈለ። ከዚያ ሌላ ስቴት ሥራ አገኘሁ ብሎ ሄደ። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። እኔ ያወቅኩት አፓርታማ ልከራይ ስል ሲከለክሉኝ ነው። ክሬዲት ሪፖርቴ ላይ የሦስት ወር ያልተከፈለ የመኪና ብድር ቁጭ ብሏል። እንዲህ ያለ ነገር 7 ዓመት ይቆያል። መኪናዋን ወሰዷት፣ በጨረታ ሸጧት፣ ዋጋዋ ዕዳውን አልሸፈነም። የቀረው 4,300 ዶላር በኔ ስም መጣ። ቀድሜ ባውቅ እንኳ መኪናዋን ልወስዳት አልችልም ነበር፣ ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ስሜ የለም። ዕዳው የሁለታችን፣ መኪናዋ የሱ ብቻ። ከፍዬ ለመጨረስ 14 ወር ፈጀብኝ። ኋላ አንድ ሰርግ ላይ አገኘኝና «እንዴት ነህ፣ ጠፋህ እኮ!» ብሎ አቀፈኝ።

የግድ ከሆነባችሁ ታይትሉ ላይ ስማችሁ ይግባ፣ የብድሩን አካውንት በየወሩ ራሳችሁ እያያችሁ ይሁን። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን አትፈርሙ። ብትፈልጉ 500 ዶላር ስጡት፣ ቢጠፋ 500 ነው የጠፋው። ፈርሙልኝ የምትሉትም፣ 200 ወይም 300 ዶላር አስይዛችሁ ሴኪዩርድ ካርድ አውጡና ክሬዲታችሁን ራሳችሁ ገንቡ። እስከዚያ አውቶቡስ አለ። እኔም ተሳፍሬበታለሁ።

መኪና ካላችሁ ደግሞ ኮሊዥን እና ኮምፕሪሄንሲቭ የሚባሉትን የመኪና ኢንሹራንስ ዓይነቶች ለዩ። ኮሊዥን ከመኪና ወይም ከግንድ ጋር ስትጋጩ ነው። ኮምፕሪሄንሲቭ ለስርቆት፣ ለእሳት፣ ለበረዶ ነው። አጋዘን ብትመቱም የሚከፍለው እሱ ነው። አጋዘኑን ልሽሽ ብላችሁ ዛፍ ከገጫችሁ ግን ኮሊዥን ይሆናል። ማታ ማታ ቨርጂኒያ ውስጥ የምትነዱ ይህ ቀልድ እንዳይመስላችሁ። መኪናዋ ብድር ካለባት አበዳሪው ሁለቱንም ይጠይቃችኋል።

የመጨረሻው ኮንዲሽናል ግሪን ካርድ ነው። በጋብቻ ለመጣችሁና ስትገቡ ትዳራችሁ ሁለት ዓመት ላልሞላው ነው። በዲቪ የመጣችሁ ብዙውን ጊዜ አይመለከታችሁም፤ የናንተ ግሪን ካርድ የ10 ዓመት ነው። የኮንዲሽናሉ ግን የ2 ዓመት ነው፣ እንደ ሌላው ዝም ብሎ አይታደስም። ከማብቃቱ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ አይ 751 የሚባለውን ፎርም ታስገባላችሁ። በጋራ የተከፈተ ባንክ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ ቢሎች፣ የሁለታችሁም ስም ያለበትን ወረቀት ሁሉ ትዳራችሁ እውነተኛ መሆኑን እንዲያሳይላችሁ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ፖስታ ሰብስቡ። የሚያበቃበት ቀን ካርዱ ላይ ተጽፏል። አሁኑኑ አውጥታችሁ እዩትና ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።