ከሌብል መውጣት የሚከብደው ስትገባ ባላነበብከው ገጽ ነው

ባለፈው ወር አንድ ዘፋኝ ልጅ ከሌብል (ከሙዚቃ አሳታሚ ድርጅት) ጋር የፈረመውን የኮንትራት ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ። አንድ ገጽ ብቻ። የመጨረሻው፣ ፊርማና ማህተም ያለበት። "ጋሼ፣ እስኪ እየው፣ ልወጣ ፈልጌ ነው" ይላል። ሌሎቹ ገጾችስ? አልኩት። "እነሱ ጋ ናቸው።" ስንት ገጽ ነበር? "አላስታውስም፣ ወፈር ያለ ነገር ነው።"

እኔ ቢት (የዘፈን ቅንብር) እየሠራሁና ሚክስ እያደረግኩ ነው ያረጀሁት። ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቆጥሬ አልጨርሰውም። ስለዚህ ልጆች ሌብል ሲገቡና ሲወጡ የሚሠሩትን ስህተት አንድ በአንድ ልጻፈውና ልረፍ።

ምሳሌ የማደርገው ዴዝ ሮው ሪከርድስን ነው። 1991 የተመሠረተ የሎስ አንጀለስ የራፕ ሌብል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ራፐሮቹ ዶክተር ድሬ፣ ስኑፕ ዶግና ቱፓክ በአንድ ጣሪያ ሥር የነበሩበት ቤት። 1996 ሲገባ የሚያክለው አልነበረም። 1998 ላይ ሦስቱም አልነበሩበትም። ሰው ስለ ዴዝ ሮው ሲያወራ ጥይትና ቡጢ ነው የሚያወራው። እውነት ነው፣ ሁለቱም ነበሩ። ግን ከጥይቱ ሥር ወረቀትና ሒሳብ አለ። ወደ እኔ የሚመጡት ልጆች ጥይት አያሰጋቸውም፤ ወረቀቱ ግን ያው ነው።

የሌብሉን ጠበቃ የራስህ ጠበቃ ማድረግ

እዚህ ላይ ትንሽ እጮሃለሁ፣ ይቅርታ።

ኦክቶበር 1995 ቱፓክ ኒውዮርክ ውስጥ እስር ቤት ነው። ዋስትናው 1.4 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ በእጁ ያን ያህል ገንዘብ የለም። የዴዝ ሮው አለቃ ሹግ ናይት መጣና ዋስትናውን እናመቻቻለን፣ አንተ ሦስት አልበም ትሰጠናለህ አለው። ውሉ በእጅ የተጻፈ ነው፣ ጥቂት ገጽ። ፈረመ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፣ አልፈርድበትም። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። የዴዝ ሮው ጠበቃ የነበረው ዴቪድ ኬነር ለቱፓክም ጠበቃ ሆኖ ይሠራ ነበር። አንድ ሰው፣ በጠረጴዛው በሁለቱም በኩል! ከሌብሉ ጋር ብትጣላ ለማን ነው የሚከራከርልህ? ቱፓክ ይህን ነገር የቆረጠው ኦገስት 1996 መጨረሻ ላይ ነው፣ ኬነርን አሰናበተው። ሴፕቴምበር 7 ላስ ቬጋስ ውስጥ ተተኮሰበት፣ በዚያው ወር 13 ሞተ። አንዱን ከሌላው ጋር አላያይዝም። የምለው ጊዜ አላገኘም ነው።

አሁን የኛን ልጆች ተመልከት። "የእነሱ ጠበቃ በደንብ አስረዳኝ፣ ጥሩ ሰው ነው" ይሉኛል። ጥሩ ሰው ሊሆን ይችላል! ደሞዙን የሚከፍለው ማነው? ራፐሩ አይስ ኪዩብ 1989 ላይ ኤን ደብልዩ ኤ ከሚባለው የራፕ ቡድን ጋር ሳለ ከፈረምክ 75,000 ዶላር እንሰጥሃለን ሲሉት፣ መጀመሪያ የራሴ ጠበቃ ይየው አለ። ገና ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ብሩም ፊቱ ነበር። ሳይፈርም ቡድኑን ጥሎ ወጣ፣ በዓመቱ የራሱን አልበም ይዞ መጣ። ለአንድ ሰዓት ምክር ጠበቃ የሚያስከፍልህ ገንዘብ ከጫማህ ዋጋ ያንሳል። ጫማህን እኮ እያየሁት ነው።

አድቫንስን ስጦታ ማድረግ

ቀብድ እንኳን ስትቀበል ዕቃው እንደሚጠበቅብህ ታውቃለህ። አድቫንስ (ሌብሉ ቀድሞ የሚሰጥህ ገንዘብ) ሲሆን ለምን እንደሚረሳ አይገባኝም። ብድር ነው፤ የሚከፈለውም ከራስህ ድርሻ ብቻ ነው።

በእኛ ብር ላሳይህ። ድርሻህ 20 በመቶ ነው እንበል። አድቫንስ 150,000 ወሰድክ፣ ለክሊፕ 180,000 ወጣ፣ ለስቱዲዮ 40,000፣ ለማስታወቂያ 30,000። ድምሩ 400,000፣ ሁሉም በስምህ ዕዳ ተመዘገበ። ሥራው 1 ሚሊዮን ብር አስገባ። ያንተ 200,000 ነው፣ እሱም ለዕዳው ሄደ። ሌብሉ ያወጣውን 400,000 መልሶ 600,000 በእጁ ቀርቷል። አንተ ደግሞ አሁንም 200,000 ዕዳ አለብህ። ሥራው 2 ሚሊዮን እስኪያስገባ ድረስ አንድ ብር አታይም። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ የፈረምከው ነው። ማጭበርበር የሚሆነው ያልወጣ ወጪ ሲጨመርበት ነው፤ ያንን ደግሞ ደረሰኝ ካልጠየቅክ አታውቀውም።

ቱፓክ በሚሊዮን የተሸጠ ድርብ አልበም ሠርቶ ከሞተ በኋላ ዴዝ ሮው 4.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ አለበት አለ። እናቱ አፌኒ ሻኩር ፍርድ ቤት ሄዱ። በሕይወት እያለ ሒሳቡን ማየት ስንት ያድን ነበር።

ስለዚህ ሌብሉ በየስድስት ወሩ ሒሳብ እንዲያሳይህ፣ አንተም የራስህን ሒሳብ አዋቂ ልከህ መዝገቡን እንድትመረምር የሚል አንቀጽ ከሌለ አትፈርም። በቃ።

ለፕሮዲዩሰሮች፦ ሴሽኑን በፍላሽ ማስረከብ

ይህን ስህተት ራሴ ሠርቼዋለሁ፣ ስለዚህ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። ወጣት ሆኜ ለአንድ ቤት ቢት ሠራሁ። ወረቀት የለም፣ "ሲወጣ እንተሳሰባለን" ተባልኩ። እኔ ጅሉ የተሚከሰውን ብቻ ሳይሆን ሙሉ ሴሽኑን፣ እያንዳንዱን ትራክ ለየብቻ፣ በፍላሽ ሰጠኋቸው። ከአራት ወር በኋላ ከሜክሲኮ ወደ ሳሪስ ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው። ኪኩን (የከበሮውን ምት) ሳልሰማ በትከሻዬ አወቅኩት። የኔ ነው። ዜማውን ትንሽ ነካክተውታል፣ አቀናባሪ ተብሎ የተጠራው ስም ግን የሌላ ሰው ነው። ረዳቱን "ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት" አልኩት። "እሺ፣ ሒሳብ" አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከፍዬ ተማርኩ። መጀመሪያ የአንተ መሆኑ እንዲታወቅ በመሃሉ ድምፅህን ያስገባህበትን ቢት ስጥ። ከዚያ የድርሻ ወረቀት ይፈረም፤ ግጥም ስንት፣ ዜማ ስንት፣ ቅንብር ስንት። ሴሽኑ ገንዘቡ ሲገባ ነው የሚወጣው። "አታምነኝም እንዴ?" የሚል ካለ፣ አዎ፣ አላምንህም በለው፤ እኔ ተፈቅዶልሃል ብያለሁ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።

"ቤተሰብ ነን"

ራፐሩ ዋረን ጂ የዶክተር ድሬ የእንጀራ ወንድም ነው። ከስኑፕ ጋር አብሮ አደግ ነው፣ ድሬን ከስኑፕ ጋር በማገናኘትም ስሙ ይነሳል። ሰው ሁሉ ዴዝ ሮው ይገባል ብሎ ሲጠብቅ በሌላ ሌብል፣ በዴፍ ጃም በኩል ሄደ፣ 1994 ያወጣው አልበም አሜሪካ ውስጥ ብቻ ሦስት ሚሊዮን ተሸጠ። ወንድምነታቸው አልቀረም። ቤተሰብ የሚሉህ ሰዎች ኮፒ ስትጠይቅ ካኮረፉ፣ በጊዜ አወቅክ።

አንድ ሰው ብቻ የሚፈርምበት ቤት

ሹግ ናይት ከ1996 መጨረሻ ጀምሮ እስር ቤት ነበር፣ በ1997 ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት፣ ሥራዎቹን የሚያከፋፍለው ኢንተርስኮፕም ማከፋፈሉን አቆመ። ቼኩ ላይ የሚፈርመው ሰው ሲታሰር ያንተ ብርም አብሮ ይታሰራል።

ወይ ባዶ እጅን መውጣት፣ ወይ ማስተሩን (የዘፈኑን ዋና ቅጂ) ጥበቃ እዚያው ማርጀት

ይህ ከባድ ነው፣ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ድሬ ማርች 1996 ሲወጣ ሌብሉ ውስጥ የነበረውን ግማሽ ድርሻ ትቶ ነው የሄደው። እብድ አሉት። በቢዝነሱ ከምጨቃጨቅ አዲስ ቤት ልክፈት ብሎ አፍተርማዝን አቋቋመ፣ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ራፐሩን ኤሚነምን አስፈረመ። ልብ ያላልከው ነገር ግን ይህ ነው። ድርሻውን ቢተውም የአርቲስትነት ክፍያውን አልተወም። በ2011 ፍርድ ቤት፣ በ1992 ያወጣው አልበም በኢንተርኔት ሲሸጥ ገንዘቡ የድሬ ነው አለ፤ በ1996ቱ ስምምነት ሌብሉ በዚያ መንገድ የመሸጥ ፈቃድ አልነበረውም። በወረቀት የቀረች አንዲት ነገር ከ15 ዓመት በኋላ ብር ሆነች።

ማስተሩን ጥበቃ የሚቀመጡትስ? ዴዝ ሮው በ2006 ኪሳራ አወጀ። በ2009 ለአንድ የካናዳ ድርጅት በ18 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፣ ከዚያ ለሌላ ድርጅት። ያንን ድርጅት ደግሞ በ2019 ሃዝብሮ ገዛው። አዎ፣ የአሻንጉሊት ፋብሪካው ሃዝብሮ። ስለ ኮምፕተን መንገድ የተዘፈነ ሁሉ የሞኖፖሊ ጨዋታ ከሚያሳትም ኩባንያ መጋዘን ገባ። ስኑፕ በ1998 ዴዝ ሮውን ጥሎ ወደ ራፐሩ ማስተር ፒ ሌብል ወደ ኖ ሊሚት ሄዶ ነበር፤ የዴዝ ሮውን ስም የገዛው በ2022 ነው፣ ሃምሳ ዓመቱን አልፎ። አንተ ያን ያህል ጊዜም ያን ያህል ብርም እንደሌለህ እገምታለሁ፤ ስለዚህ ሌብሉ ቢሸጥ ወይ ቢዘጋ ማስተሩ ወደ ማን እንደሚሄድ ዛሬውኑ ይጻፍ።

ወጥቶ በማግስቱ የስድብ ትራክ መልቀቅ

ቢያንስ መጀመሪያ መልቀቂያህን ተቀበል።

ልጁ ትናንት ደወለ። ድፍረት አግኝቶ ሄዶ ሙሉ ኮፒ ጠይቋቸዋል፣ ሰጥተውታል። ደስ አለኝ፣ ላክልኝ አልኩት። ቡናዬን አስቀመጥኩና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ ከፈትኩ። አሥር ፎቶ ነው፣ ገጾቹ ከታች ቁጥር አላቸው። ገጽ ስድስት የለም።